በግራው ተቀምጬ ያላየኝ ባሌ

ባለፈው ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ነው... ትሪውን ባሌ ፊት አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። በቀኝ በኩል ጎረቤታችን ደርሚ ያመጣችው ቂንጬ፣ በግራ በኩል እኔ የሠራሁት ፍርፍር። ስመለስ ቂንጬው ጥርግ ብሏል። ፍርፍሬ ግን እንዳለ ቁጭ ብሏል።

«አልጣፈጠህም እንዴ?» አልኩት አጠገቡ ቁጭ ብዬ።

ባሌ ገልገሎ በቀኙ ሶፋው ላይ ወደተቀመጠችው ደርሚ ዞሮ «ጣፍጦኛል፣ እጅሽ ይባረክ» አላት። የጠየቅኩት እኔ፣ የተመረቀችው እሷ!

ቅናተኛ ነኝ፣ አልደብቅም። ግን ምክንያት አለኝ። ደርሚ ባሏ የሞተባት፣ መልከ መልካም ሴት ናት። እኔና ገልገሎ ሳንጋባ በፊት ቤተሰቦቹ ሊያጩለት ያሰቧት እሷን ነበር። ይህን እዚህ ነገሌ ከተማ ውስጥ የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ለጦር ሰፈሩ የተመደበ ወታደር መሆን አለበት።

ገልገሎ ስትሮክ መትቶት ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ ብለውታል። አንደበቱ ግን፣ ተመስገን፣ ምንም አልሆነም። ኦሮምኛውም አማርኛውም እንደ ድሮው ነው። ደርሚ ስትመጣ ከአልጋው በስተቀኝ ሶፋው ላይ ትቀመጥና «አካም፣ ናጋ?» ሲባባሉ፣ ሲሳሳቁ ይቆያሉ። እኔ በስተግራ፣ ለጓዳው ይቀርበኛል ብዬ ዱካዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ዓይኑ ወደ እኔ አይመጣም። «ውሃ ልስጥህ?» ብዬ ስጠይቀው እንኳ «እሺ» የሚለው ለእሷ ነው። ከሞት የተረፈ ባል ሚስቱን እንዲህ ያደርጋል እያልኩ ውስጤ ሲቃጠል ከረመ።

የዚያን ቀን ግን ፍርፍሩ አንጀቴን አሳረረው። «ደርሚ፣ የራስሽን ቤት ጠብቂ! ባሌን እኔው አስታምመዋለሁ» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ገልገሎም አኮረፈኝ።

በማግስቱ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረን። በባጃጅ ሄድን። ነርሷ ክፍሉ ውስጥ የደም ግፊቱን ስትለካው እኔ ዶክተሩን በር ላይ ያዝኩት።

«ዶክተር፣ ይሄ በሽታ ልብም ያስቀይራል እንዴ? እኔን ማየት ትቷል። ትሪ እንኳ ሳቀርብለት ግማሹን ነው የሚበላው፣ የእኔን ግማሽ ይተዋል!»

ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። «የትኛውን ግማሽ?» አለኝ።

«ግራውን።»

ቀስ ብለን ገባን። ዶክተሩ ከገልገሎ በስተግራ ቆሜ እጁን እንድይዘው፣ ድምፅም እንዳላሰማ በምልክት ነገረኝ። እሱ በስተቀኝ ቆመ።

«አቶ ገልገሎ፣ ባለቤትዎ የት አሉ?»

ገልገሎ ቀኝ ቀኙን ፈለገ። «እንጃ... ውጭ ትሆናለች» አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ከታመምኩ ወዲህ አጠገቤ አትቀመጥም። ድምጿን እሰማለሁ እንጂ ፊቷን አላየውም። ሰልችቻት ይሆናል... ደርሚ እንኳ ጎረቤት ሆና ትመጣለች።»

እጁን ይዤዋለሁ እኮ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ዶክተሩ የራሱን ጭንቅላት፣ ከቀኝ ጆሮው በላይ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ያለውን ቦታ በጣቱ እየነካ አስረዳኝ። በግራችን ያለውን ነገር ልብ እንድንል የሚያደርገን በተለይ የቀኙ አንጎል ነው፤ ገልገሎም የተጎዳው እዚያ ነው። ዓይኑ ደህና ነው፣ ግን ግራው ለእሱ የሌለ ያህል ነው። ቋንቋ ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ያለው በግራው አንጎል ስለሆነ ምላሱ ተረፈ።

«በቃ፣ እኔም በቀኙ እቀመጣለኋ!» አልኩ ዘልዬ።

«አይሆንም። ቀኙን ወደ ግድግዳ ያድርጉት። ሰው ሁሉ በግራ ይምጣ። እርስዎም ግራ እጁን እየነኩ ይጥሩት። ዞሮ መፈለግን መልመድ አለበት።»

እንግዲህ አስቡት... እንዲያየኝ ብዬ የማያየኝ ቦታ ተመልሼ ልቀመጥ ነው።

አልጋውን አዙረን ስናበቃ ደርሚ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነግሬ «ይቅር በይኝ» አልኳት። እሷም «አስቱ፣ ዋቃ ያውቃል፣ አልዋሽሽም... እኔን እኔን ብቻ ሲያየኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለችኝ።

ይህን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ግን እውነቷን ስለነገረችኝ ወደድኳት... ትንሽ።

ትናንት መጣች። ሁለታችንም በግራ ተቀመጥን። እጁን እያሻሸሁ «ገልጌ... ገልጌ...» እላለሁ፤ እሱ ግድግዳውን ያያል። ልተወው ስል ጭንቅላቱ ቀስ... ቀስ... እያለ መዞር ጀመረ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ ፊቱ ሁሉ በራ።

«አንቺ! መቼ መጣሽ?»

«ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አልኩት። ደርሚ ከጎኔ ሆና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ወንበሮቹን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ያዘዘው «በግራ» ብቻ ነው፣ ተራውን አልተናገረም። ስለዚህ የባሌ ዓይን ደርሚ ጋ መድረስ ከፈለገ መጀመሪያ እኔን ማለፍ አለበት!