ባዶውን ሲሄድ የሚነጥር መኪና

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ በኋላ ፒካፑ ጎንደር ቁስቋም ካለው ቤታችን በር ላይ ቆሞ ቀረ። ባትሪው እንዳይወርድ አልፎ አልፎ አስነሣው ነበር። አስነሥቼ መሪውን ይዤ እቀመጣለሁ። የትም አልሄድም። ወንበሩ በእሱ ቁመት ልክ ወደ ኋላ የተገፋ ስለሆነ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ በደንብ አይደርስም። ወንበሩን ወደ ፊት መሳብ ይቻላል። አልሳብሁትም። ከጀርባዬ ትራስ አደረግሁ።

ስለ መኪና የማውቀውን ያወቅሁት ከእሱ ነው፤ ማወቅ ከተባለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥሁበት ጊዜ መንዳት አስተማረኝ። እሱ መኪናውን እንደ በሬ ነበር የሚያየው። ጠዋት ዘይቱን ለክቶ፣ የራዲያተሩን ውኃ አይቶ፣ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ነው ቁርስ የሚቀርበው።

"ከብቱ ሳይጠጣ አንተ ምን ቸኮልህ?" ይለኝ ነበር ወደ ሻዩ ሳይ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፒካፕ ያላቸው ጓደኞቹ በአዘዞ መንገድ ካለ አንድ ጋራዥ ይገናኛሉ። አንዱ ፍሬን ያሳያል፣ ሌላው የተቀደደ ስፖንዳውን፣ የጭነት ቦታውን የጎን ቆርቆሮ፣ ያስበይዳል፣ ሥራ የሌለው ቆሞ ያሾፋል። አንድ ጊዜ አንደኛው መኪናውን ዙሪያውን በባለቀለም መብራት አስጌጦ መጣ።

"ምነው፣ ልትድራት ነው እንዴ?" አለው ወንድሜ።

"አንተ ምን ታውቃለህ፣ የአንተዋ እንደሆነች መነኩሲት ናት!"

እውነቱን ነው፤ ወንድሜ ለመኪናው ጌጥ አልገዛለትም። ያስጨመረው ባሌስትራ ብቻ ነው፤ ከኋላ ጎማዎቹ ላይ ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመውን ብረት። ወደ አገራችን ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ድረስ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭኖ ይወጣል፣ ከዚያ ገብስና ድንች ይዞ ይወርዳል። የድሮው ባሌስትራ ይህን አልቻለም፤ መኪናው ሲጫን ወገቡ ይሰበር ነበር። ሲጨመርበት ቀጥ አለ። ብሎኖቹን ያጠበቀው ራሱ ነው። እኔ መፍቻ አቀብለው ነበር።

ሕመሙ አጭር ነበር። ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አልችልም። ከአባታችን ጎን እንዲቀበር መካነ ብርሃን ወሰድነው፤ በሌላ ሰው መኪና። ስንመለስ ጎንደር ቤታችን በር ላይ ድንኳን ተተከለ። ለቅሶ ደራሹ በዝቶ ወንበር ሲያንስ፣ ከበራፉ ጎን ተከምረው የነበሩ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን እያመጣን ተቀመጥንባቸው። እኔም ተቀምጬባቸዋለሁ።

ለአርባው እናቴን በፒካፑ ይዣት ወጣሁ። እስከ ደባርቅ ደኅና ነበርን። ከደባርቅ ወዲያ ያለው የጠጠር መንገድ ግን መኪናውን እንደ ኳስ አነጠረው። እናቴ ወገቧን ያማታል። በሁለት እጇ ከፊቷ ያለውን መያዣ ጨብጣ ከንፈሯን ነከሰች። ቧሂት ተራራ ላይ ስንደርስ አቁምልኝ አለችኝ። ወርዳ በብርዱ ውስጥ ቆመች።

"እሱ ሲነዳ እንዲህ አልነበረም" አለች።

"እማ፣ ማኪናው እኮ ያው ነው።"

"ማኪናውማ ያው ነው። አነዳዱ ነው እንጂ።"

እሱ የሚሄድበትን የጎማ መስመር ተከትዬ፣ እሱ የሚያዘግምበት ላይ አዝግሜ ነበር የነዳሁት። ከዚያ በላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ተመልሰን እናቴ ብዙ ቀን ተኛች። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"ልጄ፣ እኔ አልችልም። አንተ ሂድና ተዝካሩን አውጣ። መቃብሩን ሳመልኝ።"

ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልጇ ባረፈበት ቀን መቃብሩ ላይ ሳትቆም ልትቀር ነው። መኪናው እያለ። እኔ እያለሁ።

በማግሥቱ ጋራዥ ሄድሁ። መካኒኩ ከሥር ገብቶ አየና ወጣ።

"የተጨመረውን ባሌስትራ እናውጣው። እንደ ድሮው ይለሰልሳል።"

"ጭነት ይችላል?"

"ጭነት የሚጭነው ሞቷል፤ አንተ እናትህን ነው የምትጭነው" አለኝ። ክፉ አስቦ አልነበረም።

እሺ አልሁት። ካርቶን አንጥፎ ገባ። መፍቻው ብሎኑ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁ።

"ቆይ!" አልሁ።

"ምን እቆያለሁ?"

ብሎኑን ያጠበቀው ወንድሜ ነው ልል ፈለግሁ። ይህ ጋራዥ ውስጥ የሚባል ነገር አይደለም። መካኒኩ እግሩ ብቻ እየታየ ከሥር ሆኖ ይጠብቀኛል።

ከወንድሜ ጓደኞች በዕድሜ የሚበልጡት፣ እኛም አያ የምንላቸው ሰው፣ የራሳቸውን መኪና ዘይት ሊያስቀይሩ መጥተው ነበር። ነገሩን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

"እናትህን ባዶውን ይዘሃት ወጣህ?"

"ባዶውን አይደለም አያ። ሁለት ጀሪካን ጠላ ነበረን።"

"ጠላ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። "ይኸ ባሌስትራ ጭነት ካልተጫነው እንደ አህያ ይራገጣል። ወንድምህ እኮ እናቱን ሲያሳፍር፣ የሚጭነው ከሌለ ድንጋይ ይጭን ነበር። እኛ ስንስቅበት 'እናቴ ስንት ኩንታል ትሆናለች ብላችሁ ነው!' ይለናል። አልነገረህም?"

"አልነገረኝም። ድንጋዩ የት ነው?"

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ? በራችሁ ላይ አይደለም የሚያራግፈው!"

መካኒኩን ውጣ አልሁት።

ተዝካሩ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ማለዳ፣ እናቴ ኪዳን ልታደርስ ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ጠብቄ ድንጋዮቹን ጫንሁ። አያ እንዳሉኝ ከኋላ ጎማው በላይ ደረደርኋቸው፤ ጫፍ ላይ ከሆኑ የመኪናው አፍንጫ ይነሣል ብለውኛል። ለምን ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን እንደ መረጠ ሳነሣቸው ገባኝ፤ አይንከባለሉም። ወደ አገር በምንሄድበት ቀን ሁሉ "እማ ኪዳን አድርሳ ትምጣ፣ ምን ያስቸኩላታል" የሚለው ነገርም ገባኝ። እኔ ያን ጊዜ ተኝቼ ነበር የማረፍደው። ሸራውን አለበስሁና ገመዱን አሰርሁ።

"እማ፣ አሠርቼዋለሁ። ደባርቅን እስክናልፍ ሞክሪኝ። ካልተመቸሽ ከዚያው እመልስሻለሁ።"

ፊቴን አየችኝ። ከነጠላዋ ላይ ጋቢዋን ደርባ ወጣች።

ዳባትን ስናልፍ እጇን ከመያዣው ላይ አነሣች። ከደባርቅ ወዲያ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ራሷን ወደ መስኮቱ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ቧሂትን በእንቅልፍ አለፈችው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለአንድ ሰው ልነግር አፌን ከፈትሁ። ልነግረው የፈለግሁት እሱን ነበር።

ስንደርስ ዘመዶቻችን ዕቃ ሊያራግፉ መኪናው ላይ ወጡ። አጎቴ ሸራውን ገለጠ።

"ምንድን ነው ይኸ? ጃናሞራ ድንጋይ ጠፍቶበት ከጎንደር ይጫንለት ጀመር?"

ሰው ሳቀ። ለተዝካር መሰብሰባቸውን እስኪረሱ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ዞራ መጣችና እጇን በስፖንዳው ላይ አሳልፋ አንዱን ድንጋይ ነካችው።

"ይህን አድርግ ብሎ ማን ነገረህ?"

"ጓደኞቹ። እሱ ነበር የሚጭንልሽ።"

"እኔ ደግሞ አነዳዱ ነው እላለሁ" አለች በቀስታ። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መቃብሩ ሄደች። ብዙ ቆመች። ጠግባ ቆመች ማለት እችላለሁ።

አጎቴ ድንጋዮቹን ለመቃብሩ ዙሪያ ሊያደርጋቸው ፈልጎ አንዱን አቅፎ ሲወርድ አየችው።

"መልሰው" አለችው። "እኔ በምን ልመለስ?"

መለሰው።

ዛሬ ድንጋዮቹ በራችን ላይ ናቸው። እናቴ ለመሄድ ባሰበች ጊዜ እጭናለሁ፣ ስንመለስ አራግፋለሁ። ወንበሩን ግን አልሳብሁትም። ትራሱ አሁንም ከጀርባዬ ነው።