ማንተግቦሽና የስኳሩ ሥዕል

ሰንሻይን ዌስት በሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር ባለ ወርክሾፕ ማንተግቦሽ የጭነት መኪና ሸራ መስፋት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማሽን ሲበላሽ ጠጋኝ እስኪመጣ አትጠብቅም፤ ትፈታዋለች። በስደት ገዳሪፍ ሳለች ስፌት ያስተማራት ሰውዬ፣ መርፌው ክር በበጠሰ ቁጥር መርፌውን ከመስደብሽ በፊት ጨርቁን ጠይቂ ይላት ነበር። ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል፤ ምክሩን ግን እስከ ዛሬ ትሠራበታለች።

ከአራት ዓመት በፊት ጠዋት ጠዋት የእጇ አንጓ አልታዘዝ ይላት ጀመር። ቀጥሎ ጣቶቿ አበጡ፤ ከዚያ ጉልበቷ። ሐኪሞቹ የሰውነቷ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያዎቿን እያጠቃ መሆኑን ነገሯት። ሁለት ዓይነት ክኒን ተሞከረ፤ አንዱ ሆዷን በጠበጠ፣ ሌላው ምንም አላደረገም። መቀስ መያዝ ሲያቅታት አሠሪዋ ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወራት። ቤተ ክርስቲያንም ምእመኑ ሲሰግድ እሷ ከኋላ ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ መቀመጥ ሆነ ዕጣዋ።

ባለፈው ታኅሣሥ ዶክተር ፓቴል የምትባለው የመገጣጠሚያ ሐኪም አዲስ መርፌ አዘዘችላት። በየሁለት ሳምንቱ ሆዷ ላይ ራሷ የምትወጋው ነው። ሐኪሟ መርፌው መሥራት አለመሥራቱን በሥዕል የሚከታተል ጥናት ውስጥም አስገባቻት። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቂት ጨረር የታሰረበት ስኳር በደም ሥር ይሰጣል፤ የተቆጣ ሥጋ ስኳሩን ይሻማል፤ ካሜራው ስኳሩ የት እንደተከማቸ ያሳያል። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ አንጓዎቿ፣ የጣቶቿ ሥሮችና ጉልበቶቿ እንደ ፍም በርተው ታዩ።

ማንተግቦሽን ነገሩ ከማስደንገጥ ይልቅ አስገረማት። ስኳሩ የተቆጣውን ከደህናው በምን እንደሚለይ በአስተርጓሚ ጠየቀች። ስኳሩ ምንም አይለይም፣ የራበው ሁሉ ይወስደዋል ብላ መለሰችላት ሐኪሟ። ማንተግቦሽ ይህን መልስ ወደደችው። ታርኔት ቤቷ እስክትደርስ ባቡር ውስጥ ስታሰላስለው ነበር።

መርፌው መሥራት ጀመረ፣ ወይም የሠራ መሰላት። መጋቢት ላይ የጠርሙስ ክዳን ያለ ሰው እርዳታ ከፈተች። እርግጡን የሚናገረው ግን ሁለተኛው ሥዕል ነው። ካልሠራ መርፌው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሞከር ዶክተር ፓቴልም ገና አልወሰነችም።

ቀጠሮው ሚያዝያ ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት ሆነ። አስተርጓሚው ተስፋሚካኤል አስቀድሞ ደውሎ መመሪያውን አነበበላት። ከሥዕሉ በፊት ለስድስት ሰዓት ምግብ የለም። ሁለት ቀን ከባድ ዕቃ ማንሣት የለም፤ ስፖርትም የለም።

"ስድሳ ዓመቴ እኮ ነው፤ የትኛውን ኳስ ነው የምተወው?" አለችው።

"ለሁሉም የሚነበብ ነው እትዬ፤ ለእርስዎ ብቻ ብለው አልጻፉትም።"

ልጇ ያኔት ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፋ "ኖ ጂም፣ ሞም" አለቻትና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማንተግቦሽ ትእዛዝ ታከብራለች። ማክሰኞና ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። ድስት እንኳ አላነሣችም። ሳምንቱ ሰሙነ ሕማማት ነበር፤ ፈረንጆቹ ፋሲካቸውን በልተው ጨርሰው ስለነበር ሆስፒታሉ እንደ ወትሮው ሥራ ላይ ነው። ሥራ ከሌላት ምን ትሠራለች? ሁለቱንም ቀን ቤተ ክርስቲያን ዋለች። አራት ዓመት የተቀመጠችበትንም ወንበር ለአንዲት ነፍሰ ጡር ለቀቀችላት።

ሐሙስ ሥዕሉ ተነሣ። ውጤቱን ለመስማት የተቀጠረችው ፋሲካ ካለፈ በኋላ በሳምንቱ ነበር። በዚያን ቀን ተስፋሚካኤል በር ላይ ጠበቃት። ሁልጊዜ እንደምታደርገው በነገር ወጋችው፤ ስሙ ሚካኤል፣ እሱ ጴንጤ። ስሙን ያወጡት አያቱ እንደሆኑ፣ እሱ እንዳልተጠየቀ መለሰላት። ይህን ስንት ጊዜ እንደተባባሉ ሁለቱም አይቆጥሩትም።

ዶክተር ፓቴል ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ስክሪኑ ላይ ከፈተች። ማንተግቦሽ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። አንጓዎቿና ጉልበቶቿ ጠፍተዋል። የጣቶቿ ሥሮች ደብዝዘዋል። ሁለቱ ጭኖቿ፣ መቀመጫዋና ትከሻዎቿ ግን ከላይ እስከ ታች በርተዋል፤ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ በእነዚህ ቦታዎች ምንም አልነበረም።

ሐኪሟ ቃላቷን እየመረጠች ተናገረች። መገጣጠሚያዎቹ ጥሩ ናቸው። ጡንቻዎቹ ግን አሳስበዋታል። አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ መርፌ ራሱ ጡንቻ ያስቆጣል። ስለዚህ መርፌውን ለጊዜው ማቆም፣ ደም መመርመር፣ ምናልባትም ከጭኗ ቅንጣት ሥጋ ወስዶ ማየት ሳያስፈልግ አይቀርም። ተስፋሚካኤል ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ።

ማንተግቦሽ ሥዕሉን ታይ ነበር። ግራው ከቀኙ እኩል ነው። በሽታዋ እንዲህ እኩል አካፋይ ሆኖ አያውቅም፤ አንዱን ጣት ይዞ ሌላውን የሚምር ነበር።

"ይህ የሚያሳየው የመቼውን ነው? በላት።"

ስኳሩ በተሰጠበት ሰዓት የነበረውን፣ አለች ሐኪሟ። ጡንቻ ብዙ ከሠራ ግን አንድ ሁለት ቀን እንደተራበ ሊቆይ ይችላል፤ ስፖርት የምንከለክለውም ለዚህ ነው።

ማንተግቦሽ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ፋሲካ እስኪያልፍ ደረጃ መውረድ ፈተና ሆኖባት ነበር። ያመማት እዚሁ፣ ሥዕሉ የበራበት ቦታ ላይ ነው።

"ሰግጃለሁ በላት።"

ተስፋሚካኤል ጸሎት ላይ እንደነበረች ተረጎመ። ዶክተር ፓቴል በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች፤ የገባት ነገር እንደሌለ ግን ፊቷ ይናገራል።

"ምን ብለህ ነገርካት? ቁጭ ብዬ የጸለይሁ ነው የመሰላት። አንተማ ቆመህ ነው የምትዘምረው፤ ከየት ታውቀዋለህ?"

ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ ተንበረከከች፤ ሁለት መዳፎቿን መሬት ላይ ዘረጋች፤ ግንባሯን አስነካች፤ ተነሥታ ቆመች። ደገመችው። ሦስተኛው ላይ ተስፋሚካኤል ሊደግፋት እጁን ቢዘረጋ በክርኗ መለሰችው።

ሐኪሟ በቀን ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረገች ጠየቀች።

"ማክሰኞ ሦስት መቶ። ረቡዕ ከዚያ ያልፋል፤ ያለፈውን ዓመት ዕዳ እየከፈልሁ ነበር።"

ተስፋሚካኤል ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ጠይቃዋለችና።

ከሥራ ፈቃድ የወሰደችው ጡንቻዋን ለማሳረፍ እንደነበርም ማንተግቦሽ አስነገረች። ሸራ ማንሣት ተከልክላ ነበር፤ አላነሣችም። ስፖርት አትሥሪ ተብላ ነበር፤ አልሠራችም። ስግደት ስፖርት ነው ያላት ሰው የለም።

ዶክተር ፓቴል ግን የምታየው መዳፎቿን ነበር። ማንተግቦሽ እነዚህን መዳፎች ታኅሣሥ ላይ ጠረጴዛ ላይ እንኳ ጠፍጣፋ አድርጋ መዘርጋት አልቻለችም፤ ሐኪሟ ራሷ በመዝገቡ ጽፋዋለች። አሁን ሙሉ ክብደቷን ተሸክመው አነሧት። ሐኪሟ መርፌው እንዳይቆም፣ የሥጋ ናሙናውም እንዲቆይ ወሰነች። የዕለቱ ደም ደህና ከሆነ የጥናቱን ፈቃድ ጠይቃ ሥዕሉን ታስደግማለች። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው፤ ቀጣዩ ስግደት መቼ ነው?

"ፋሲካ ገባ እኮ" አለች ማንተግቦሽ። "እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ስግደት የለም። ብፈልግም አይፈቀድልኝም። በፈለገችው ቀን ትጥራኝ።"

ደሙ ደህና ሆነ። ፈቃዱም ተገኘ። ሥዕሉ በአምስተኛው ሳምንት ተደገመ። ጭኖቿ ጨልመው ነበር፤ ትከሻዎቿም። ጉልበቶቿና አንጓዎቿም እንደጠፉ ናቸው። መርፌው ይቀጥላል፣ ሠርቷል አለች ዶክተር ፓቴል።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። የቀኝ አውራ ጣቷ ሥር ላይ አንዲት ነጥብ ትበራለች።

ማንተግቦሽ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ አየቻትና "ይቺስ?" አለች።

ሐኪሟ ወደ ስክሪኑ አልዞረችም። ወንበሯን ወደ እሷ አዙራ፣ ሥዕሉ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት በዚያ ጣት ምን ስትሠራ እንደነበር ጠየቀቻት።

ማንተግቦሽ ተስፋሚካኤልን አየችው፤ ከዚያ ጣቷን።

"መቀሴን መልሰውልኛል" አለች።