ሰው የሌለበት ፎቶ

የዶርም ጓደኛዬ ካሜራውን ቀጭ ባደረገ ቁጥር አንድ የጸደይ ጠዋት ትዝ ይለኛል። ያኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ፎቶ ቤት ያለው አጎቴ «ለካላንደር የሚሆን የተራራ ፎቶ ላነሳ ነው» ብሎ በመኪናው ይዞኝ ወጣ። የከተማውን ሙቀት ትተን የዴንገጎን ዳገት ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ በመስኮቱም የእርጥብ አፈርና የማሽላ ሽታ ገባ።

አጎቴ አንድ አረንጓዴ ማሳ ፊት ቆሞ ካሜራውን ሲያስተካክል የማሳው ባለቤት የሆነች ሴት ማጭዷን እንደያዘች መጣች።

«መሬቴን ምን ልታደርገው ነው?»

«ለካላንደር ነው አዴ። ያምራል እኮ።»

«የጎረቤቴንም ያምራል ብለው ነው ያነሱት። አሁን ታጥሮ እሱ ራሱ አይገባበትም።»

«እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። ትንሽ ዞር በይልኝ።»

«አልዞርም! ባዶ ነው እንዳይሉ ከነእኔ አንሳው።»

ማሽላው መሃል ገብታ ቀጥ ብላ ቆመች። አጎቴ እየሳቀ አነሳት። መኪና ውስጥ ገብተን ፎቶውን ሲያየው ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ሰው ያለበትን አይቀበሉኝም» አለ ለራሱ።

«እነማን?» አልኩት።

«ሙዝህን ብላ አቦ!»

ዘንድሮም ክረምቱ ሲወጣ አጎቴ ደውሎ «ተራራ እንሂድ» አለኝ። መጀመሪያ ፎቶውን የሚፈልገው ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ተጠራጣሪ ሆንክ» ብሎ ሳቀብኝ። ስም ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልሄድኩም።