ስድስት መቀነስ አይችልም

ሰዓት ማንበብ አይችልም ብለው ፊሽካዬን ቀሙኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ አላሳምረውም።

የቀማኝ የጤና ቡድኖች ኮሚቴ ነው። የጤና ቡድን ማለት ቦርጩን ሊቀንስ እሑድ እሑድ ኳስ የሚያባርር ጎልማሳ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ አራት ነበሩ፤ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የትራክተር ሾፌሮችና የሰሊጥ ደላሎች። ሜዳው ግን አንድ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ አሥራ ሁለት ሲል ኳሱ አይታይም። በዚህች መሀል ሁለት ግጥሚያ ማስጨረስ የእኔ ሥራ ነበር። እኔ የመጋዘን ጥበቃ ነኝ፤ ኳስ አልችልም። የመረጡኝ በቀጠሮው የሚገኝ ሌላ ሰው ስላጡ ነው።

እዚህ አገር ሰዓት ማስከበር ትንኝ እንደ ማገድ ነው። የዘጠኝ ተኩሉ ቡድን በአሥር ሰዓት ሻይ ይጠጣል። ስትደውል "መጣን፣ መንገድ ላይ ነን" ይሉሃል፤ ከኋላ ማንኪያ ብርጭቆ ሲያማስል ይሰማሃል። በረኛው ጫማውን ረስቷል። አምበሉ መኪና እያስጫነ ነው። ሲመጡ ደግሞ "ምነው ጋሼ፣ ደም ግፊት ያመጣብዎታል" ብለው የሚቆጡት እኔን ነው።

በመጨረሻ ራሳቸው ተሰብስበው ሕግ አወጡ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ያረፈደ ቡድን በፎርፌ ይሸነፋል። ደብተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ ከልጆቼ እኩዮች ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ በፊት ኮኪት ላይ ሰሊጥ ሳርም ሰዓቴ ጥላዬ ነበር። ሰዓት ማንበብ ስችል የመጀመሪያውን የእጅ ሰዓቴን ገዛሁ፤ እስካሁን እሱን ነው የማስረው።

ያን እሑድ መምህራኑ ለሥልጠና ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ስለሄዱ ግጥሚያው አንድ ብቻ ነበር፤ ሾፌሮች ከደላሎች፣ በዘጠኝ ተኩል። ሾፌሮቹ ሰዓታቸውን አክብረው ቆሙ። ደላሎቹ የሉም። ዘጠኝ ከአርባ አምስት ሲል ፊሽካ ነፋሁ፤ ለሾፌሮቹ ፎርፌ ሰጠሁ። ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ሄዱ።

አሥር ተኩል ላይ መረቡን ስጠቀልል ደላሎቹ ማሊያቸውን ለብሰው፣ እያሟሟቁ መጡ።

"ሾፌሮቹስ?" አለኝ አምበላቸው። ይህ ሰው የኮሚቴውም ሰብሳቢ ነው፤ ከሳሽም ዳኛም እሱ።

"ፎርፌ በልተው ሄዱ። አንድ ሰዓት አርፍዳችኋል።"

"ያ ዞል፣ ደህና ነህ?" አለኝ፣ አንተ ሰው ለማለት፣ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ እንዳሉት ሱዳኖች። ልጄ ይሆናል በዕድሜ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። አሥራ አምስት ከሠላሳ ይላል። "ይኸው! ዘጠኝ ተኩል!"

ሦስት አራት ደላላ ስልኩን አወጣ። ሁሉም አንድ ቃል ተናገሩ። የእጅ ሰዓቴን አሳየኋቸው።

"እሱን ማን ሞላው?"

"እኔ።"

"አሃ!" አለ አንዱ፣ በጣም በአክብሮት። "ጋሼ፣ ከስልክ ላይ ሲገለብጡ ስድስቱን አምስት አድርገው ቀንሰውታል።"

ስልክ በፈረንጅ ስለሚቆጥር የእኛን ለማግኘት ስድስት ይቀነሳል። ከአሥራ አምስት ተኩል ላይ አምስት ብትቀንስ አሥር ተኩል ይመጣል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ አንጀቴን ያሳረረውም ልክ መሆኑ ነው።

"ጥላችሁን እዩ!" አልኳቸው።

"በጥላ ፎርፌ አይሰጥም" አለ ሰብሳቢው። ሳቁ። ፎርፌው ተሰረዘ፤ ፊሽካውና ደብተሩ ለአንድ መምህር እንዲሰጥ እዚያው ተወሰነ። ያን ቀን በእነሱ ስልክ ፀሐይ በአሥራ አንድ ሰዓት ጠለቀች። ይህን ልብ ያለ አንድም አልነበረም።

ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ሆንኩ። ሻይ ሻጯ እንኳ "ጋሼ፣ ስድስት ቀንሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ ይንገሩኝ እስቲ" አለችኝ። ሰዓቴን ከሬዲዮ ጋር አመሳከርኩት፤ ልክ ነው። ግን ሰው ነኝ፤ እሑድ ዕለት ተሳስቼ ቢሆንስ? የመጋዘኑን በር በጠመኔ ሞላሁት። አሥራ አምስት ሲቀነስ ስድስት፣ ዘጠኝ። እንደገና፣ ዘጠኝ። ሚስቴ ምሳ ይዛ መጥታ በሩን አየችው። "ይህን ሁሉ ተምረህ እነዚያን ታምናለህ?" አለችኝና ምሳውን አስቀምጣ ሄደች።

በሳምንቱ ጨዋታው ሊደገም ነው። ሄድኩ፤ ዳር ቆምኩ። መምህሩ ፊሽካዬን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስልኩን ያያል። ሾፌሮቹ አሉ፤ ደላሎቹ አሁንም የሉም። "ዘጠኝ ከአርባ ሆነ" አለ። መምህሩ ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋና ስልኩን ደግሞ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ገና ነው ለካ" አለ። "ስምንት ከአርባ ሁለት ነው።"

"የኔታ፣ አሁን ዘጠኝ ከአርባ አላልክም?" አለው አንዱ ሾፌር። ከዚያ ስልኩን ተቀብሎ ገለበጠው። "የማዶ ሲም አለህ?"

"አለኝ፤ እንደ ሰው ሁሉ።"

"በቃ የሱዳን ሰዓት ነው! ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ድልድዩ ጋ ስደርስ የእኔንም እንዲህ ያደርገዋል።"

የማዶው ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ሞቶ ከርሞ ሰሞኑን ነው ብቅ ጥልቅ ማለት የጀመረው። ደላሎቹ ደግሞ ውሏቸው ድልድዩ ሥር ነው። እኔ የምሞላው ሰዓት ኔትወርክ አይሰማም።

መምህሩ ፊሽካውን አውልቆ ከደብተሩ ጋር በሁለት እጁ ሰጠኝ። እሱ ጨዋ ነው። በአሥር ተኩል ደላሎቹ እያሟሟቁ መጡ። ሲነገራቸው ሰብሳቢው ሳቀ።

"ኸላስ፣ አለቀ በቃ! ጥፋቱ የኔትወርክ ነው።"

"ኔትወርክ አልሰደበኝም" አልኩት።

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"ጻፍ።"

ደብተሩን ዘረጋሁለት። ሾፌሮቹ ከበቡን። ከፎርፌው ሥር፣ እያጉረመረመ፣ ጻፈ። ተቀበልኩትና ጮክ ብዬ፣ እንደ ተማርኩት እያንዳንዱን ፊደል ሳልዘል፣ አነበብኩት፦ "ሰዓት አስከባሪው ልክ ነበሩ፤ ፎርፌው ይጸናል፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።" ቀኑን ረስቶታል። እሱን እኔ ጨመርኩበት፦ እሑድ፣ ኅዳር 13።