ፊተኛው ሞገድና የእናቴ ብርጭቆዎች

አፋር በኩል ምድር ዕረፍት አጥታ በከረመችበት ሰሞን፣ መንቀጥቀጡ ሲመጣ ከሁላችንም ቀድመው የሚያውቁት አባቴ ነበሩ። እኔ ኮምቦልቻ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ እሳቸው እናቴ ካረፈች ወዲህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ጆሮ ስለማይረባ የታመመውን ማሽን የሚለዩት በእግራቸው ነበር፤ ወለሉ ላይ ቆመው ንዝረቱን በጫማቸው ሶል ያዳምጡታል። ማሽኑ ጋ ሲደርሱም መጀመሪያ መዳፋቸውን ይጭኑበታል። "የሚንቀጠቀጥ ነገር ይያዛል እንጂ አይሸሽም" ይሉኝ ነበር በልጅነቴ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ እየበላን ሳለ ድንገት እጃቸውን ከትሪው አነሱና "መጣ" አሉ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ትንሽ ቆይቶ ቡፌው ውስጥ ያሉት የእናቴ የሻይ ብርጭቆዎች ተንኳኩ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ወደ ጎን ተወዛወዘና ተወን።

የአስተማሪ ነገር፣ አፌ ዝም አይልም። "አባባ፣ እግርዎ የሰማው ፊተኛውን ሞገድ ነው" አልኳቸው። ከተራሮቻችን በታች ወደ አፋር የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ ጥፍር ከሚያድገው ባነሰ ፍጥነት እየሰፋ መሆኑን፣ አለቱ ውጥረቱን መሸከም ሲያቅተው እንደሚሰበር፣ ያኔም ሁለት ሞገድ እኩል እንደሚነሳ ነገርኳቸው። ፊተኛው አለቱን እየገፋና እየሳበ ይሮጣል። ኋለኛው ወደ ጎን እያወዛወዘ ይመጣል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ጉልበቱ ግን ይብሳል። ከአንድ መናኸሪያ እኩል እንደተነሱ ሚኒባስና ተሳቢ ናቸው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ጊዜ ስለሚሰፋ፣ ያንን ጊዜ የቆጠረ ሰው ምድር የተሰበረችበት ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ መገመት ይችላል።

"እንግዲህ ሚኒባሱ ሲደርስ፣ ተሳቢው እስኪመጣ ጥቂት ሰከንድ አለዎት። በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ይወጣሉ?"

"አብሽሪ" አሉኝ። ቡፌው ከእሳቸው ቁመት ይበልጣል፤ የጭቃ ግድግዳው ምስማር ስለማይዝም እንዲሁ ነው የቆመው። እሱን አይቼ ፈራሁ፤ አብሽሪ ስላሉኝ ግን አምኜ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤታቸው ደወለችልኝ። "አባትሽ ደጅ ተቀምጠው ነበር እኮ! እኛ ወደ ውጭ ስንሮጥ እሳቸው ወደ ቤት ሮጡ!" ገብታ ስታያቸው ቡፌውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ቆመዋል። እንዲያመልጡበት የሰጠኋቸውን ጥቂት ሰከንድ የተጠቀሙበት ለዚህ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ያስተማርኩትን መልሼ መዋጥ አልቻልኩም።

ከክፍል እንደወጣሁ ሚኒባስ ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ስፈራ ሄድኩ፤ ስደርስ ግን ፍርሃቴ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

"ቡፌ ወድቆብዎት ሊሞቱ ነው? እኔስ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?"

አባቴ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አቀረቀሩ። "እናትሽ" አሉ፣ "በየሳምንቱ የጸሎት ቡድኗ ቤታችን ሲመጣ በብርጭቆዎቹ ሻይ ስታቀርብ፣ ስታጥብ ኖራ፣ አሥራ ሁለቱንም አንድ ሳትሰብር ነው ትታልኝ የሄደችው። አሁን በእኔ እጅ ይሰበሩ?"

ቁጣዬ ወዴት እንደገባ አላውቅም። እኔም ናፍቃኝ ነበርና አብረን አለቀስን። ከዚያ "ለእኔ ይስጡኝ" አልኳቸው። ድሮ ከፋብሪካ ባመጡት ቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ በአንድ ጠቅልለን ካርቶን ውስጥ ደረደርናቸው። ካርቶኑን ራሳቸው ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝና ሾፌሩን "አደራ የኔ ልጅ፣ ቁልቁለቱን ቀስ ብለህ" አሉት። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ እስከ ኮምቦልቻ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ወረድኩ፤ ቤቴ ስደርስም ብርጭቆዎቹን መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው።

ቀጣዩ መንቀጥቀጥ የመጣው ከሰዓት በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ ፈተና ሳርም ነው። መጀመሪያ እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ተርገፈገፈ። ፊተኛው ሞገድ መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? በሩም ቅርብ ነበር። ተነሳሁ።

ምድር እንደረጋች ስልኬ ጮኸ።

"ወጥቻለሁ ልጄ!" አሉ አባቴ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። "እግሬ እንደሰማ ወዲያው ወጣሁ። አንቺስ?"

"እኔም ወጥቻለሁ አባባ።"

አባቴ ግን ሌላ ድምፅ ሰምተዋል።

"ታዲያ የሚንኳኳው ምንድን ነው?"

ምድር ቆማለች፤ የሚንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነበር። የብርጭቆዎቹን መደርደሪያ በአንድ እጄ እንዳቀፍኩ ነኝ፤ በእኔ መንቀጥቀጥ እርስ በርስ ይነካካሉ።

"ልቀቂያቸው ልጄ" አሉኝ። "ይሰበሩ።"