ሳትወርድ የወጣችበት ዳገት

እኛ ቤት አረቄ የማይጠጣባት አንዲት የአረቄ መለኪያ አለች። ጠርዟ ሸረፍ ብሏል። በሳሙናም እጠባት በአመድ፣ የሞተር ዘይት መሽተቷን አትተውም። ባለፈው ፋሲካ አንድ ጎረቤታችን ሳይጠይቅ ከመደርደሪያው አንስቶ ቀዳባትና አንዴ ጎንጨት ሲል ዓይኑ ፈጠጠ። «ይሄን አረቄ ያወጣችው ሴት ናት ወይስ ጋራዥ?» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን መለኪያዋን አንስቼ አሸተትኳት። በቃ፣ እዚያው ልጅ ሆንኩና የአባቴ ሞተር ታንከር ላይ ቁጭ!

ያኔ ማርቆስ ውስጥ ሞተር ብርቅ ነበር ብዬ ልዋሽ ነበር፤ እኩዮቼ ስለምታነቡት ተውኩት። ቢሮው ሁሉ ሞተር ነበረው። የራሱ ሞተር ያለው ፀጉር ቆራጭ ግን የኔ አባት ብቻ ነበር። መቀሱንና መስታወቱን በቦርሳ አንጠልጥሎ ገበያ ለገበያ እየዞረ ይቆርጣል። ዝናውን የነዛሁለት እኔ ነኝ። በትምህርት ብዙም አልነበርኩም፤ ሁለተኛ ክፍልን በጣም ስለወደድኩት ሁለቴ ተማርኩት። ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ግን ሞተር ያለው ፖሊስ እኔ ነበርኩ። አፌን አሞጥሙጬ ድምፅዋን ሳወጣ የሰፈር ውሻ ይሸሸኝ ነበር። እስካሁን እንደኔ የሚያወጣት የለም።

ሞተሯ የዱሮ ናት፤ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ካልተሰጣት የማትሄድ ዓይነት። ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፣ የተሰጣ ልብስ ያለው ሁሉ ይጮሃል። የዱሮ ጀግና በፈረስ ስሙ ይጠራ የለ? ሰፈሩም አባቴን «አባ ጭሴ» ብሎ አወጣለት። እሱ ግድ የለውም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እሳት የምትጭርባትን ካንዴላ ነቅሎ በሽቦ ብሩሽ ይጠርጋል፣ ቤንዚኑን ጀሪካን ውስጥ ያደርጋል፣ ዘይቱን በዚያች መለኪያ እየሰፈረ ይጨምራል። መለኪያዋን ወደ ፀሐይ አንስቶ በአንድ ዓይኑ ሲያያት መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም ነበር የሚመስለው። «ዘይቱን ብታጎድልባት ትነክሳለች፣ ብታበዛባት ታጨሳለች። የሚያጨስ ይደርሳል፣ የሚነክስ ይቀራል» ይለኝ ነበር። ትነክሳለች ማለት ውስጧ ግሎ ያብጥና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ እሷም ቀጥ ትላለች። በአባቴ እጅ አንድ ቀን ነክሳ አታውቅም። ታዘግማለች እንጂ አትቀርም።

አንድ ነገር ብቻ ያቅታት ነበር። የእናቴ አገር ከማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። እዚያ መንገድ ላይ አንድ ክፉ ዳገት አለ። ሦስታችንን ይዛ አትወጣውም። ስለዚህ ዳገቱ ስር እናቴ ትወርዳለች፣ አባቴና እኔ እየተንተፋተፍን እንወጣለን፣ ጫፍ ላይ ሆነን እንጠብቃታለን። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጭሳችንን እየጠጣች ትመጣለች። አማቾቹ ይሄን ሰምተው በየመጣን ቁጥር ይተርቡታል። «ልጃችንን በእግሯ ልትሰዳት ሞተሩን ለምን ገዛኸው?» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል። መንገድ ላይ ስንመለስ ግን አይናገርም። 

አጎቴ ይበልጣል የመጣው እንግዲህ በዚህ ቁስል ላይ ነው። ይበልጣል የአባቴ ታናሽ ነው፤ ጋራዥ ገብቶ ሳይቆይ የወጣ፣ ግን ራሱን ኢንጅነር ብሎ የሾመ። ቤተሰባችን ውስጥ ጉራ ያለው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ እወቁልኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሞተር ጉልበት አላት እኮ፤ አንተ ነህ በዘይት ያሰከርካት» አለው። «ለኔ ስጣትና እታለምን በዳገቱ ላስበርርልህ።»

እናቴ የሽሮ ምጥኗን እየለቀመች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም። «እኔ መውረዱ መቼ ከበደኝ? ታድርሰኝ እንጂ ታብርረኝ አላልኩም» አለች።

አባቴ እናቴን አየ፣ ሞተሯን አየ። ለሷ ብሎ ነው የሰጠው። ይሄን ሁልጊዜ እናገራለሁ፣ ለሷ ብሎ ነው።

ይበልጣል የሞተሯን ቴስታታ፣ የአናቷን ክዳን፣ ብረት የሚላጭበት ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጨው። «ፀጉር ቆራጭ ቤት ገብታ እስካሁን ሳትላጭ መቅረቷ!» እያለ። የጭስ መውጫዋን ቀዳዳ በሞረድ አሰፋው፣ ድምፅ የሚያፍነውን የማርሚታዋን ሆድ ዘርግፎ ጣለው። ዘይቱን ደግሞ በግማሽ ቀነሰ፤ ዘይት ጉልበት ያስራል አለ። መለኪያዋ መደርደሪያ ላይ ወጣች። ሞተሯ ስትነሳ ሰፈሩ መብረቅ የወደቀ መሰለው። ጭሱም ጠፋ። እኔ በዚያ ሳምንት ያወራሁትን ጉራ ዛሬ እንኳን ላወራው ምላሴ ይደክማል።

በሳምንቱ ጠዋት ላይ አያ ደሴ መጡ። የአያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ጎረቤት ናቸው፤ ከንጋት ጀምረው በእግራቸው ወርደው አቧራ በአቧራ ሆነዋል። ቤት አልገቡም፤ አባቴን ወደ አጥሩ ጥግ ጠሩት። እኔ ከአጥሩ ወዲያ የብይ ጉድጓድ እየቆፈርኩ ነበር።

«ሌሊት አርፈዋል» አሉት። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ አይቆይም። ለሷ ታመዋል በላት። እዚያ ስትደርስ የሚይዛት ሰው አለ። አደራ፣ በመንገድ እንዳትነግራት።»

አባቴ ዞር ሲል ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እኔ ምላሴ የማያርፈው ልጅ በዚያ ቀን ዲዳ ሆንኩ።

ለእናቴ «እማ ትንሽ አሟታል፣ እንያት» አላት። ወደዚያ መኪና የሚወጣው በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ቀን ገበያ አልነበረም። እናቴ ተነስታ ለበሽተኛ የሚወሰደውን ሁሉ አሰናዳች። ብርቱካን ገዛች፣ «ለጥማቷ ይሆናታል» ብላ ፌስታሉን እቅፏ ውስጥ አደረገች። እኔ ታንከሩ ላይ፣ አባቴ መሐል፣ እሷ ከኋላ ሆነን ወጣን። ጊዜ ነበረን። በዱሮዋ ሞተር በዝግታ ብንሄድ እንኳ ሁለቴ ደርሰን እንመለስ ነበር።

ዳገቱ ስር ስንደርስ እናቴ እንደ ልማዷ ልትወርድ እግሯን አነሳች። አባቴ «ተቀመጭ» አላት፤ ነዳጁን ሰጣት። ሞተሯ ጮኸች፣ ጠጠሩን ወደ ኋላ በተነችው፣ ወጣች! ሦስታችንን ይዛ ወጣች። እናቴ መጀመሪያ «ኧረ በሥላሴ!» ብላ አባቴን ጨምድዳ ያዘችው፣ ከዚያ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «ዛሬስ ሳልወርድ! እማ ትሙት ይሄን ሳልነግራት አላድርም!» አለች። አባቴ ነዳጁን ጨመረላት። እኔ ወደ ፊት ብቻ አየሁ።

ጫፉን አልፈን ሜዳው ላይ እንደወጣን ሞተሯ ነከሰች። የኋላ ጎማው ቀጥ አለና ተንሸራተን ቆምን፤ የተቃጠለ ብረት ሸተተ። አባቴ ፔዳሉን ቢረግጠው ድንጋይ። «ይብረድላት» አለ። ቀዘቀዘች፣ ተነሳች፣ ትንሽ ሄደች፣ ደግማ ነከሰች። እንዲህ እየደጋገመች ቀኑን በላችው።

አባቴ ፀሐይዋን ያያል፣ ሞተሯን ያያል። «አንች በእግርሽ ቅደሚ፣ እኛ እንደርስብሻለን» አላት።

«አንተንና ልጁን ሜዳ ላይ ጥዬ? ለታመመ ሰው ሮጦ ምን ሊረባ» አለችው። ይባስ ብላ ነጠላዋን አወለቀችና ጎንበስ ብላ ሞተሯን ታራግብላት ጀመር። «አይዞሽ፣ ዛሬ ደክመሻል» ትላታለች ሞተሯን። አባቴ ካንዴላዋን ነቅሎ ይጠርጋል፣ መልሶ ይሰካል። እዚያ ሜዳ ላይ ቢነግራት፣ ወገን በሌለበት፣ ማን ይይዛታል? ባይነግራት ቀብሩ ያልፋታል። እኔ ብርቱካኑን ይዤ ቆሜያለሁ። እንደ ሰው ተቆጥሬ የምሠራው ሥራ እንኳ አልነበረኝም።

ማራገቧን ሳታቆም «ዛሬ ሰው ሁሉ የት ሄደ?» አለች። እውነትም መንገዱ ላይ እረኛ እንኳ አልነበረም። «ገበያ አይደል፣ በዓል አይደል...»

ከዚያ ከሩቅ፣ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደወሉ ተሰማ። ቅዳሴ የለ፣ ሰዓቱ አይደል፤ ቀስ እያለ የሚደወለው የቀብር ደወል። እናቴ እጇ ቆመ። አባቴን አየችው፤ እሱ መሬት አየ። እኔን አየችኝ። ምን ላርግ፣ አለቀስኩ።

ስታራግብበት የነበረውን ነጠላ አራገፈችና አዘቅዝቃ፣ የለቅሶ አርጋ ለበሰችው። ከዚያ ሮጠች። አባቴ ሞተሯን እዚያው ሜዳ ላይ ጥሎ ተከተላት፣ እኔ ከነፌስታሌ ከኋላ። ስንደርስ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ እየተመለሰ ነበር። እናቴ ያገኘችው ገና ያልደረቀ አፈር ነው።

አባቴን አልወቀሰችውም። አንድ ቀን አንስታ ብትሰድበው ይቀለው ነበር፤ እሷ ግን እንኳን ልትሰድበው፣ ይበልጣል እኛ ቤት ሲመጣ እህል ታቀርብለት ነበር። አባቴ ሞተሯን በበቅሎ አስጎትቶ አመጣት፤ የተላጨውን ጥሎ ሌላ አሮጌ ቴስታታ አስገጠመላት፣ የነከሳትን ሁሉ ቀየረላት፣ መለኪያዋን ከመደርደሪያ አወረዳት። ዳግመኛ ማንም እንዲነካት አልፈቀደም። አሁን አርጅቷል፣ ገበያ አይዞርም። ግን እሁድ እሁድ ያስነሳታል፤ ሰማያዊ ጭሷን ለቃ ስትንተፋተፍ ቁጭ ብሎ ያያታል። የሚሄድበት የለውም።

እኔ ዛሬ አዲስ ሞተር አለኝ፤ ቅልቅል አትል፣ ጭስ አትል፣ ያን ዳገት እንደ ሜዳ ነው የምትሄደው። በማርቆስ ከኔ ሞተር ጋር የሚወዳደር ካለ ይምጣ። ዛሬ ስልክ አለ፣ ሞት ሳይቀዘቅዝ ነው የሚሰማው። ቢሆንም አሁንም በስልክ «ትንሽ አሟታል፣ ና» ነው የሚሉህ። ሰው ያው ነው።

እናቴን ወደ አገሯ የማደርሳት እኔ ነኝ። ዳገቱ ስር ስንደርስ ጀርባዬን ነካ ታደርገኛለች። መጀመሪያ ሰሞን «እምዬ፣ ይቺ እኮ ታወጣሻለች፣ አንችን አይደለም ቤትሽን ትጭናለች» ብዬ ቀለድኩ። እሷ ግን ወረደች። አሁን አልቀልድም፤ ስትነካኝ እቆማለሁ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በእግሯ ትወጣለች፤ እኔ ቀድሜ ጫፉ ላይ ሞተሬን አጥፍቼ እጠብቃታለሁ። እያለከለከች ትደርስና እጇን ሞተሩ ላይ ታሳርፋለች።

«በረደችልህ?» ትለኛለች።

ሞተሬ ግላ አታውቅም። «አዎ እምዬ፣ በረደች» እላታለሁ።