የወልደማርያም ልጆች

ዕንቁ ወልደማርያም ባሏን አሜሪካ ያስገባችው «ወንድሜ ነው» ብላ ነው።

ይህን ላስ ቬጋስ ውስጥ ከእሷና ከባሏ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ነገሩ የሆነው ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ፣ ሁለቱም ገና ለጋ ሳሉ ነው። የተጋቡት አገር ቤት በሽማግሌ ፊት ነበር፤ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ወሬው ሁሉ አንድ ነው። ባልና ሚስት ነን ያለ የጋብቻ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ወንድምና እህት ነን ያለ ግን የአባት ስሙ አንድ ከሆነ ማንም አይመረምረውም ይባላል። የዕንቁ ጉዳይ አልፎ ነበር። ይልማ ግን ከሠራዊቱ ከድቶ የመጣ ወታደር ስለነበር፣ በራሱ ስም ቢጠይቅ እዚያው ቆላ እንደሚቀር ተነግሮት ፊቱ ጠቁሮ ሰነበተ። ስለዚህ ይልማ ዓምደሚካኤል የነበረው ሰው አንድ ማለዳ ይልማ ወልደማርያም ሆኖ ተሰለፈ። ጠያቂው «ይህ ምንሽ ነው?» ሲላት ዕንቁ ዓይኗን ሳታርገበግብ «ወንድሜ ነው» አለች። ያን ዕለት ይልማ ጉልበቷን ይዞ አለቀሰ። «ውለታሽን የምረሳው ስሞት ነው» አላት። ረሳው፤ እስኪሞት እንኳ አልጠበቀም።

አስቡት እንግዲህ፤ በእኛ አገር ሚስት እንኳ የባሏን አባት ስም አትወስድም፤ ይሄ ሰውዬ የሚስቱን አባት ስም ለብሶ ዕድሜውን ሙሉ ኖረ። አሜሪካ ግን ነገሩን ገለባብጣ አየችው። ፈረንጁ ሁለት ሰዎች አንድ የመጨረሻ ስም ይዘው አንድ ቤት ሲኖሩ ካየ ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ያልፋል። ሐበሻው ደግሞ «የይልማ ሚስት» ይላታል እንጂ የአባቷን ስም ማን ይጠይቃታል? ታክሳቸውን በየግላቸው ያሠራሉ፣ ኢንሹራንሳቸው በየመሥሪያ ቤታቸው ነው። ልጅ እምቢ አላቸው። ይልማ ሞቅ ሲለው በሰው ፊት የማይለውን ቤት ውስጥ ይለዋል፤ «ከእህት ልጅ አይወለድም» እያለ ይስቅባታል። ዕንቁም አብራው ትስቃለች። ምን ታድርግ?

ሥራዋ ስትሪፕ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ካዚኖዎች በአንዱ የሆቴል ክፍል ማፅዳት ነው። በዚያ ከተማ የሰከረ ወንድና የሰከረች ሴት ከቁማር ጠረጴዛ ተነሥተው፣ መንገድ ተሻግረው ተጋብተው ይመለሳሉ። አልጋቸውን የምታነጥፈው ዕንቁ ናት። መጀመሪያ ዊንቸስተር ሰፈር አፓርትመንት ተከራይተው ነበር፤ ኋላ ኦቨርታይሙም ቲፑም ተደማምሮ ግሪን ቫሊ ቤት ገዙ። ይልማ ታክሲ ይነዳል፤ ኤርፖርት ተሰልፎ ተሳፋሪ ሲጠብቅ የዓለምን ወሬ ይዞ ይመጣል። ዕንቁ ደግሞ አብረዋት ከሚሠሩት የሜክሲኮና የኤል ሳልቫዶር ሴቶች ጋር ስትስቅና ስትሳደብ ስፓኒሹን እንደ አፍ መፍቻዋ አድርጋ ለቀመችው። ጉልበቷ ግን አለቀ። ደረጃ ስትወጣ ጥርሷን ነክሳ ነው። ሐኪሙ ውሃ ውስጥ ተራመጂ፣ ከዚህ ደረቅ ሙቀትም ብትርቂ ይሻልሻል አላት።

ስፔንን ያመጣችው ስለዚህ እሷ ናት፤ ይህ ይያዝልኝ። የይልማ የታክሲ ጓደኛ ሲራክ ጡረታ ወጥቶ ስፔን፣ አሊካንቴ ገብቶ ነበር። ባሕሩንና ገበያውን በስልክ እየቀረጸ ይልክላቸዋል። ዕንቁ ቪዲዮውን አይታ አትጠግብም። እዚያ አሸዋ ላይ እየተራመደች፣ ከዓሣ ሻጩ ጋር በቋንቋው እየተከራከረች ዕድሜዋን መጨረስ ተመኘች። በሕይወቷ ለራሷ ብላ የተመኘችው ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው። ይልማ መጀመሪያ አሾፈባት። ቆይቶ የሲራክን አኗኗር ሲያይ ልቡ ተከፈተ፣ ከእሷም ባሰበት።

አንድ ቀን የሁለቱንም ፓስፖርት ይዘው ትህትና ዘንድ ሄዱ። ትህትና በዲቪ የመጣች፣ የሐበሻውን ታክስና የኢሚግሬሽን ጉዳይ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና አስረዳቻቸው።

«ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃዱ ዓይነት ዓይነት ነው ጋሼ። ኦንላይን ለሚሠራ ሰው ሌላ ነው፣ ለተማሪ ሌላ ነው። ለእናንተ የሚሆነው ሥራ ሳይሠራ በፔንሽኑና ባጠራቀመው ለሚኖር የሚሰጠው ነው። አንዳችሁ በዋናነት አፕላይ ታደርጋላችሁ፣ ሌላው በትዳር ይከተላል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በዚህ ፈቃድ እዚያ ሥራ መሥራት ክልክል ነው። እሠራለሁ ያለ ሰው አያገኘውም። የጋብቻ ሰርተፊኬታችሁን ይዛችኋል?»

ዕንቁና ይልማ ተያዩ። ይልማ ቀድሞ ሳቀ።

«ቬጋስ አይደል እንዴ ያለነው? አሁን ወጥተን በአሥር ደቂቃ ተጋብተን እንመጣለን።»

ትህትና ግን አልሳቀችም። ሁለቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች። ፈረንጅ ብትሆን ባልና ሚስት ብላ ታልፈው ነበር። ሐበሻ ናትና ያየችው ሌላ ነው።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «የሁለታችሁም አባት ወልደማርያም ናቸው?»

ዕንቁ ነገረቻት። ልጅቷ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«ይኼን ከዚህ ቢሮ ውጭ ለማንም እንዳትናገሩ» አለቻቸው። «እዚህ አገር ለመጋባት ዘመዳሞች አይደለንም ብላችሁ ትምላላችሁ። ስትገቡ ደግሞ ወንድምና እህት ነን ብላችሁ ምላችኋል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተገኘ ዜግነታችሁን ሊነካ ይችላል። እህት ደግሞ በዚህ ፈቃድ ወንድሟን መከተል አትችልም።»

«ታዲያ እኔስ?» አለች ዕንቁ።

«ሁለት መንገድ አለ እትዬ ዕንቁ። ያላችሁን እኩል ተካፍላችሁ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ አፕላይ ማድረግ አንዱ ነው። ለሁለታችሁም ይበቃ እንደሆነ ቼክ አደርጋለሁ። ካልሆነም እርስዎ በተማሪ ፈቃድ ይሂዱ። ትልልቅ ሰዎች ቋንቋ ለመማር ይሄዳሉ።»

«ስፓኒሽ ልማር?» ዕንቁ ሳቋ መጣ። ወዲያው ተወችውና «እማራለሁ፤ ፊደል ቁጠሪ ቢሉኝም እቆጥራለሁ» አለች።

መኪና ውስጥ ይልማ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ከተካፈልነው ሁለታችንም እንወድቃለን አላት። ሁሉም በእኔ ስም ይሁን፣ እኔ ልቅደምና ልግባ፣ ከዚያ እስብሻለሁ አለ። «እህት አትሳብም አለች እኮ» ስትለው «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ዕንቁ የቤቱንም የባንኩንም ፈረመችለት። ሞኝ ናት የሚል ይኖራል። ሞኝነት ግን አይደለም። እሷ አንድ ጊዜ ሰው ስባ ታውቃለች፤ ስትስብም ሕግ ይፈቅዳል ወይ ብላ አልጠየቀችም። ሰው ሁሉ እንደ እሷ መስሏት ነው፣ ጥፋቷ ይኸው ነው።

ከፈረመች በኋላ ትህትና ደወለች። «እትዬ ዕንቁ፣ ምነው ሁሉንም ወደ ጋሼ አዞራችሁት? ቼክ አድርጌ ብትካፈሉት ለሁለታችሁም እንደሚበቃ ለጋሼ ነግሬያቸው ነበር እኮ። አልነገሩዎትም?»

ዕንቁ «ነግሮኛል» ብላ ስልኩን ዘጋች። ልጅቷ ፊት ባሏን ማዋረድ አልፈለገችም። ከዚያ ልትጠይቀው ወደ ጋራዡ ሄደች። ይልማ መኪናውን እያጠበ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ከሲራክ ጋር ይጫወታል። በሩ ጋ ቆመች።

«ያገኘሁልህ ቤት ባለ አንድ መኝታ ነው» ይላል ሲራክ፣ «ለሁለት ሰው ግን ይጠባል። ዕንቁስ?»

«ዕንቁ ምኔ ናት? እንደነገርኩህ በመንግሥት ፊት እህቴ ናት» አለ ይልማ። ሳቀ ደግሞ። «ዕድሜ ለእሷ፣ ወንደላጤ ሆኜ ነው የምመጣልህ።»

«ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ነውር ነው» አለ ሲራክ።

«ምን ነውር አለው? የታመመች ሴት ይዤ ባሕር ዳር ላዝግም? ይልቅ ያቺን ቫንህን ታውሰኛለህ? ቱሪስት ከኤርፖርት ላመላልስባት። እኔ ቁጭ ብዬማ እሞታለሁ።»

«ፈቃድህ ሥራ አይፈቅድም እኮ።»

«ማን ያየኛል?»

ዕንቁ ወደ ኋላዋ ተመለሰች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ያለቀ ጉልበቷን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የታመመችው የማንን ቤት ስትሠራ ነው? ማንንስ ስታኖር ነው? ለማን አቤት ትበል? ባሌ ነው ብላ ብትከስ አንድም ወረቀት የላትም። ዋሽተን ነው የገባነው ብላ ብትናገር ዕዳው እሷንም ይዞ ይሄዳል። የገዳሪፉ ውሸት አሁን ደርሶ አፏን ለጎመው። ይልማም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ የሚቀልደው ስለሚያውቅ ነው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰና ካሊፎርኒያ ወዳለው የስፔን ቆንስላ አብረው ነዱ። እሷ ለምን ሄደች ትሉ ይሆናል። ሲራክ «በቋንቋቸው ካናገሯቸው ይለሰልሳሉ» ብሎት ስለነበር ይልማ ነይና አናግሪልኝ ብሎ ለመናት። ከዚህ በላይ ጭካኔ ካለ እኔ አላውቅም፤ ትቷት የሚሄድበትን ደጅ ራሷ እንድታንኳኳለት ነው። ዕንቁ እሺ አለች። ያን ሁሉ በረሃ ሲያቋርጡ መስኮቱን እያየች አንድ ዓረፍተ ነገር በስፓኒሽ በሆዷ ትለማመዳለች። «ሚስቱ ነኝ» የሚል ነው። ትለዋለች ወይስ አትለውም? የመጣው ይምጣ ትልና ደግሞ ፓስፖርቷ ትዝ ይላታል። እስኪደርሱ ድረስ አልወሰነችም።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ነበረች። ዕንቁ በስፓኒሽ ሰላም ስትላት ፊቷ በራ። የት ተማርሽው አለቻት። አልጋ ሳነጥፍ አለቻት ዕንቁ። ሴትየዋ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ቀረ። ይልማ አልተሳሳተም፣ ሴትየዋ ለስልሳለች። በመስታወቱ ወዲህ ቆሞ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን እያየ ፈገግ ይላል።

«አንቺስ?» አለች ሴትየዋ። «ለእሱ ምኑ ነሽ?»

ዕንቁ ወደ ይልማ ዞረች። «ምኑ ነሽ እያለችኝ ነው።»

ይህ ሰው አንዲት ደቂቃ እንኳ ቢያመነታ፣ ዓይኑን እንኳ መሬት ላይ ቢተክል፣ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

«እህቴ ናት በያት እንጂ» አላት፣ ምን ያስጠይቃል በሚል ድምፅ።

«እህቱ ነኝ» አለች ዕንቁ በስፓኒሽ። የተለማመደችውን ዓረፍተ ነገር ተወችው።

ሴትየዋ ጻፈች። የጡረታውን አየች፣ የባንኩን አየች፣ ሁሉም ውሃ ልክ ነበር። ከዚያ እንደ መሰነባበቻ ያህል ጠየቀች። «ወንድምሽ እዚያ ምን እያደረገ ሊውል ያስባል?»

ዕንቁ ተረጎመችለት። ይልማ ደረቱን ነፋ። «ዕረፍት ነው በያት። በባሕሩ ዳር እየተራመድኩ፣ ንፁህ አየር እየሳብኩ መዋል ነው።»

ዕንቁ ሰማችው። በባሕሩ ዳር እየተራመድኩ አለ። ጉልበቷ መስኮቱን ተደግፋ በቆመችበት ይቆረጥማታል። ወደ ሴትየዋ ዞረችና እንደ ወሬ፣ እንደ ጨዋታ አድርጋ፣ አንድም ሳትጨምር አንድም ሳትቀንስ የምታውቀውን ነገረቻት።

«ጓደኛው አሊካንቴ ቫን አለው» አለቻት። «እሷን ተውሶ ታክሲ ይሠራባታል፤ ቱሪስት ከኤርፖርት ያመላልሳል። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም፤ ወንድሜ አይደል፣ አውቀዋለሁ።»

ይልማ «ታክሲ» የምትለዋን ቃል ሰማ። የቀድሞ ሥራውን እያወራችለት መሰለውና ራሱን እየነቀነቀ ለሴትየዋ በስፓኒሽ «ሲ፣ ሲ» አላት። የሚያውቃት ቃል እሷው ነበረች። የሴትየዋ እጅ ቆመ። ራሱን የሚነቀንቀውን ሰው አየችው፣ ዕንቁን አየቻት። ምናልባት የገባት ነገር ነበር፣ ምናልባትም አልነበረም። ከዚያ አጎንብሳ ረዘም አድርጋ ጻፈችና ወረቀቱን ወደ ሌላ መደብ አዛወረችው። በትሕትና «ሴኞር ወልደማርያም፣ መልሱ በፖስታ ይደርስዎታል» አለችው።

ሲመለሱ ይልማ ደስታው ገደብ አልነበረውም። ቡትስ የሚባል ነገር አላደርግም፣ ሰንደል ብቻ ነው አለ። ሲራክ ጋ ደወለ፣ አለቀ ደቀቀ አለው። ዕንቁ መንገዱን ታያለች። ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ቤቱም ባንኩም በስሙ እንደገባ መቅረቱን ታውቃለች። ነገ ከቤቴ ውጪ ቢላት መሄጃ እንደሌላት፣ ከዚያ በረሃ ውጭ ሌላ አገር እንደማታይም ታውቃለች። ቢሆንም ልቧ ውስጥ ቅንጣት ያህል ጸጸት ፈልጋ አጣች።

የቬጋስ መብራት ከሩቅ ሲታይ ይልማ እጁን ዘርግቶ ጉልበቷን መታ መታ አደረጋት፣ ያንኑ የሚያማትን።

«አይዞሽ» አላት። «እኔ ልግባ ብቻ፣ እስብሻለሁ።»

«እሺ፣ ወንድሜ» አለችው።